ድካሙ አንድ ነው፣ ወረቀቱ ግን ይለያል

ልጆቼ፣ በተለይ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ በቅርቡ አሜሪካ የገባችሁ፣ ይህን የምጽፍላችሁ አንድ አባባል ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። «ፖርቹጋሎቹ መጡ፣ ሠሩ፣ ቤት ገዙ። እነዚህ ስፓኒሾች ግን ይኸው ዛሬም ከኪራይ አልወጡም።» ስፓኒሾች የሚሏቸው ከጓቲማላ፣ ከሳልቫዶርና ከሆንዱራስ የመጡትን የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች ነው። ይህን ከፖርቹጋሎቹ አፍ ሰምቼዋለሁ። ከእኛው ሰው አፍም ሰምቼዋለሁ። የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ሲሉት ደግሞ ይበልጥ ያመኛል።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በደቡብ ምሥራቅ ማሳቹሴትስና በሮድ አይላንድ የሰው ታክስ በመሥራት ነው። ታክስ የሚሠራ ሰው ማን ስንት እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚቆረጥበት፣ ለማን እንደሚልክ ያያል። ያየሁት ነገር ከዚያ አባባል ጋር አይገጥምም።

ኒው ቤድፎርድ የወደብ ከተማ ናት። ጎረቤቷ ፎል ሪቨር ደግሞ የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ፖርቹጋሎች እዚህ ሥር የሰደዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች የፖርቹጋል በሆኑት አዞርስ ደሴቶች ላይ እየቆሙ መርከበኛ ይቀጥሩ ነበር። ከዚያ ፋብሪካዎቹ ተከፈቱ፣ ዘመድ ዘመድን ጠራ። ከማዴይራ፣ ከሌላዋ የፖርቹጋል ደሴት፣ የመጡት በ1915 የጀመሩት የቤተ ክርስቲያን በዓል ዛሬም በየዓመቱ በነሐሴ ይከበራል። የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች ግን በብዛት መምጣት የጀመሩት ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። በኒው ቤድፎርድ ብዙዎቹ ከጓቲማላ ደጋ፣ ከኪቼ አውራጃ የመጡ ማያዎች ናቸው። ሳልቫዶሮችና ሆንዱራሶች ደግሞ ወደ ቦስተን ጠጋ ብለው፣ ቼልሲና ኢስት ቦስተን ይበዛሉ።

ስለዚህ አንዱ ማኅበረሰብ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ መጥቷል። ይህ ብቻውን ብዙ ያስረዳል። ዋናው ጉዳይ ግን በሩን ማን ከፈተላቸው የሚለው ነው።

በመስከረም 1957 በአዞርስ፣ ፋያል በምትባል ደሴት አጠገብ ካፔሊንዮሽ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ፍንዳታው ዓመት ከፈጀ በላይ ቆየ፣ ቤትና እርሻ በአመድ ተቀበረ። ያኔ ኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ያሉበት አካባቢ ውስጥ ድምፅ የሚሰጡ ፖርቹጋሎች ነበሩ። የሮድ አይላንዱ ሴናተር ጆን ፓስቶሪና የማሳቹሴትሱ ሴናተር ጆን ኤፍ ኬኔዲ ሕግ ይዘው ቀረቡ። በ1958 የአዞርስ ስደተኞች ሕግ ጸደቀ። ለ1,500 የቤተሰብ ኃላፊዎች ቪዛ ተሰጠ፣ በኋላም ተጨመረበት። በ1965 ደግሞ በአገር የሚደለድለው የድሮ ኮታ ተሻረና ቤተሰብን ማስመጣት ቀለለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት ከመቶ ሺህ በላይ ፖርቹጋሎች አሜሪካ ገቡ። አብዛኞቹ የገቡት ግሪን ካርድ ይዘው ነው። ከድህነት፣ ከአምባገነን አገዛዝ፣ ወንዶቹም አንጎላና ሞዛምቢክ ሄዶ ከመዋጋት ነበር የሸሹት።

ሳልቫዶሮችና ጓቲማላዎች የሸሹትም ከጦርነት ነው። የጓቲማላው ጦርነት 36 ዓመት ቆይቶ ወደ 200,000 ሰው ፈጅቷል፤ ከሞቱት የሚበዙት ማያዎች ናቸው። የሳልቫዶሩ ከ1980 እስከ 1992 ዘለቀ። የሳልቫዶርን መንግሥት በገንዘብና በመሣሪያ የሚረዳው ግን ዋሽንግተን ራሱ ነበር። ከዚያ መንግሥት የሸሸን ሰው «ስደተኛ ነህ» ብሎ መቀበል ማለት ወዳጅህ ሕዝቡን እየገደለ ነው ብሎ ማመን ነው። ስለዚህ አልተቀበሏቸውም። በ1984 ጥገኝነት ከጠየቁ ሳልቫዶሮች የተፈቀደላቸው 3 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከጓቲማላዎቹ 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። አብያተ ክርስቲያናት መንግሥትን ከስሰው ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይ የተስማሙት በ1991 ነው።

በእነዚያው ዓመታት ከደርግ የሸሸ ኢትዮጵያዊ ሱዳን ሆኖ ተመዝግቦ በስደተኛነት አሜሪካ ይገባ ነበር። ደርግ የሶቪየት ወዳጅ ስለነበር ከእሱ መሸሽ እዚህ ያስከብር ነበር። በዚያ በር የገባችሁ ቤተሰቦች ልጆች ይህን እወቁት። አባቶቻችሁ ለፍተዋል፣ አልክድም። ግን በሩ ክፍት ነበር።

አሁን ታክስ ሲደርስ ጠረጴዛዬ ላይ የሚገናኙትን ሁለት ዓይነት ፋይሎች ላሳያችሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ከብዙ ደንበኞች አቀላቅዬ ነው የምነግራችሁ።

አንደኛዋ አዞርስ ውስጥ ካለችው ከሳኦ ሚጌል ደሴት የመጡ እናት ናቸው። አራተኛ ክፍል ነው የተማሩት፤ በዚያ ዘመን ፖርቹጋል ውስጥ ለድሃ ልጅ ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እንግሊዝኛቸው ዛሬም ስብርብር ነው፣ ልጃቸው ናት ይዛቸው የምትመጣው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በቁራጭ እየተከፈላቸው ዓመታት ሰፉ፣ ባለቤታቸው ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ላይ ነበሩ። ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት ገዙ። እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለው ቤት መንደሩን ሁሉ የሞላ ነው። አንዱ ፎቅ ላይ ራሳቸው ኖሩ፣ ሁለተኛው ላይ ወንድም፣ ሦስተኛው ላይ አማች። የሁሉም ኪራይ ተደምሮ ሞርጌጁን ከፈለ። ዛሬ ዕዳው አልቋል፣ ሁለቱ ፎቆች ይከራያሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ አላቸው፣ ሜዲኬር አላቸው። አሜሪካና ፖርቹጋል ከ1989 ጀምሮ የሚሠራ የጡረታ ስምምነት ስላላቸው፣ አንድ ሰው በሁለቱም አገር የሠራበት ዘመን ይደመርለታል። ከፖርቹጋልም ትንሽ ነገር ትመጣላቸዋለች። ሀብታም አይደሉም። ግን ማታ በር ሲንኳኳ አይደነግጡም።

ሁለተኛው ከኪቼ የመጣ አባት ነው። ሥራው የዓሣ ፋብሪካ ነው። ኒው ቤድፎርድ በምታወጣው የባሕር ምርት ዋጋ ለብዙ ዓመታት ከአሜሪካ ወደቦች አንደኛ ሆና የቆየች ናት፤ ያንን ምርት ከሚያጥቡት፣ ከሚቆርጡትና ከሚያሽጉት ብዙዎቹ እሱን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ቦቲ፣ በረዶና ውኃ መሃል ይቆማል። የተቀጠረው በኤጀንሲ ነው። ቼኩ ላይ ያለው ስም የፋብሪካው አይደለም። ጉዳት ሲደርስ ፋብሪካው «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ይላል፣ ኤጀንሲው «እኛ እዚያ አልነበርንም» ይላል። ከእያንዳንዱ ቼክ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 1.45 በመቶ ለሜዲኬር ይቆረጥበታል። ወረቀት ስለሌለው ያ ገንዘብ በስሙ አይመዘገብለትም። ሲያረጅም አይመለስለትም። የፖርቹጋሏ እናት በዚህ ወር የሚቀበሉት ጡረታ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ዛሬ ከሚሠሩ ሰዎች ቼክ ላይ የሚቆረጠው ነው፤ የእሱም እዚያ ውስጥ አለበት።

እሱ በታክስ ቁጥር፣ ማለትም ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌለው ሰው በሚሰጠው ቁጥር፣ በየዓመቱ የታክስ ፎርም ይሞላል። ደመወዙ ዝቅተኛ ቢሆንም ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኛ የሚሰጠው የታክስ ተመላሽ በዚያ ቁጥር አይፈቀድም። ልጆቹ እዚህ ተወልደው የአሜሪካ ዜጎች ቢሆኑም ለውጥ የለውም። ከዚያ ላይ አሜሪካ ላስገባው ደላላ ለመክፈል የተበደረው አለ። ወለዱ እየበላው፣ አገር ቤት ያለው የቤተሰቡ መሬት መያዣ ሆኖ፣ ዓመታት ከፍሏል። ቤት የሚገዛበት ብድር የሚሰጥ ባንክ ቢገኝ እንኳ ቅድመ ክፍያውና ወለዱ ከሌላው ሰው ይከብዳል። የሚኖረው እንደ እናትየዋ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ በኪራይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሰው አፉን የፈታው በኪቼ ቋንቋ ነው፣ ስፓኒሹ ሁለተኛ ነው። ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ስፓኒሽ አስተርጓሚ ያመጡለትና ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ራሱን እየነቀነቀ «ሲ፣ ሲ» ይላል። ግማሹ አልገባውም። ለኦሮምኛ ወይም ለትግርኛ ተናጋሪ እናት «ኢትዮጵያዊ ናት» ተብሎ አማርኛ አስተርጓሚ ሲጠራላት ያየ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

መጋቢት 6 ቀን 2007 የሆነውን ደግሞ የዚህ አገር ሰው አይረሳም። የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ኒው ቤድፎርድ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር ቦርሳና ሰደርያ የሚሰፋ ፋብሪካ ከበው 361 ሠራተኞች ያዙ። አብዛኞቹ ከጓቲማላና ከሳልቫዶር የመጡ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹን በአውሮፕላን ወደ ቴክሳስ ወሰዷቸው። ልጆች መዋያ ቀሩ፣ ሕፃናት ጡት ሳያገኙ አደሩ። ሴቶቹ የተያዙት ከስፌት ማሽን ላይ ነው። በዚያው ከተማ፣ የፖርቹጋሏ እናት ሲሠሩበት በኖሩት ዓይነት ማሽን። እሳቸው በዚያ ማሽን ቤት ገዙበት። እነዚህኞቹ እስር ቤት ገቡበት። ሰነፍና ጎበዝ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የት አለ?

ጊዜያዊ ከለላም አለ፣ ቲፒኤስ የሚባለው። ለሆንዱራስ የተሰጠው ሚች የሚባለው አውሎ ነፋስ በ1998 ከመታት በኋላ ነበር፣ መንግሥት በ2025 እንዲያበቃ እስኪወስን ድረስ፤ ለሳልቫዶር ደግሞ ከ2001 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነው። በእሱ ሥራ መሥራት ይቻላል። ግን በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አያደርስም። ሃያ ዓመት በላይ በየጊዜው እያደሱ፣ «ዘንድሮስ ይቀጥል ይሆን?» እያሉ የኖሩ ሰዎች አሉ። እንዲህ እየኖረ ማን የሠላሳ ዓመት ዕዳ ይገባል? ለኢትዮጵያውያንም በ2022 ተሰጥቶ ስለነበር ጭንቀቱ ምን እንደሚመስል ከመካከላችሁ የሚያውቅ አይጠፋም።

እንግዲህ ፖርቹጋሎቹ ሁሉ ተሳክቶላቸዋል እንዳትሉ። እነሱም ወረቀት ይዘው የተጎዱበት ነገር አለ፣ ለእናንተ በጣም የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ትምህርት ነው። ልጆቹ 16 ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ትተው ፋብሪካ ይገቡ ነበር። ቼኩን ለእናት ይሰጣሉ፣ ቤቱ ቶሎ ይከፈላል። ቤቱ ተከፈለ። በ80ዎቹና በ90ዎቹ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ሲዘጉ ግን ያ ትውልድ ዲፕሎማ ሳይኖረው ሜዳ ላይ ቀረ። ዛሬ ኡበር እየነዳችሁ፣ መጋዘን ውስጥ ትርፍ ሰዓት እየሠራችሁ «ትምህርቱ ይደርሳል» የምትሉ ልጆች አሉ። ለቤተሰብ መላክ አለባችሁ፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ እንኳ ቢሆን፣ ኮሙኒቲ ኮሌጁን አትልቀቁት።

ሁለተኛው ሲቲዝንሺፕ ነው። ብዙ ፖርቹጋሎች ግሪን ካርዱ በቂ ነው ብለው ተቀመጡ። እንግሊዝኛው ፈተና አስፈራቸው፣ ደግሞም አንድ ቀን አገራችን እንገባለን ይሉ ነበር። በ1996 የኢሚግሬሽን ሕጉ ሲጠብቅ፣ በአደንዛዥ ዕፅ ወይም በሌላ ወንጀል ቀደም ሲል የተፈረደባቸው ልጆቻቸው ሳይቀሩ ወደ አዞርስ ተባረሩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ የመጡት ታቅፈው ነው፤ ፖርቹጋልኛ እንኳ አይችሉም። ወላጆቻቸው ልጆቹ 18 ሳይሞላቸው ዜግነት ወስደው ቢሆን ኖሮ ግሪን ካርድ ያላቸው አብረዋቸው የሚኖሩ ልጆችም ዜጋ የሚሆኑበት መንገድ ነበር። ግሪን ካርድ ከያዛችሁ አምስት ዓመት ሲሞላችሁ፣ ሳታድሩ ፎርሙን ሙሉ። ከወጣትነት ጥፋት ማንም ልጁን ሙሉ በሙሉ መጠበቅ አይችልም። ከመባረር ግን መጠበቅ ይችላል።

በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ካሉት ደሴቶች የመጡትን ኬፕ ቬርዴዎችንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እስከ 1975 ድረስ ፓስፖርታቸው የፖርቹጋል ነበር፣ ሃይማኖታቸውም ያው ካቶሊክ ነው። ቆዳቸው ጥቁር ስለሆነ ግን እዚያው ኒው ቤድፎርድ ውስጥ ነጮቹ ፖርቹጋሎች ለረጅም ጊዜ እንደ ወገን አልቆጠሯቸውም። ወረቀት ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ ከእነሱ ነው የተማርኩት።

ደስ የሚለኝ ነገርም አለ። ኒው ቤድፎርድ ውስጥ በ1971 ለፖርቹጋል ስደተኞች ተብሎ የተቋቋመ የስደተኞች መርጃ ማዕከል አለ። ዛሬ የሚያስተናግደው የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎችንም ጭምር ነው። ማሳቹሴትስም ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ወረቀት ለሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች። ገና ሳይነጋ ለሥራ የሚወጣ ሰው ፖሊስ ባየ ቁጥር ልቡ እንዳይቆም ያደረገ ሕግ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ላይ ለዓመታት ከገፉት መካከል ወረቀት ያላቸው ጎረቤቶችም ነበሩበት።

እናንተም ከእነዚያ ጎረቤቶች መሆን ትችላላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያላችሁ፣ ከሳልቫዶሮች ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምትኖሩት። ከታክስ ወቅት በፊት ቪታ የሚባለውን ነጻ የታክስ አገልግሎት ፈልጉ፣ በየከተማው በቤተ መጻሕፍትና በኮሙኒቲ ማዕከላት አለ። በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ። ሥልጠናውን ይሰጧችኋል፣ ፈተናውን ካለፋችሁ ትሠራላችሁ። ሒሳብ ባትወዱ እንግዳ መቀበልና ማስተርጎምም አለ። ብዙ ቦታ ሥልጠናው ከጥር በፊት ስለሚጀምር፣ በኅዳር ደውላችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ።