ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ጓደኛዬ እጁ ላይ ቡና ነስንሷል

ሐኪምዎን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እንደምን አሉ? 19 ዓመቴ ነው፣ የጅማ ልጅ ነኝ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከጅሬን በላይ ወዳለው ተራራ ወጥተን ርችት ተኮስን። ርችቱ ሲያልቅ አንዱ ልጅ ራሱ የሠራውን የሚፈነዳ ነገር አወጣ። ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው ከጠበቅነው በላይ ጮኸ፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ ጀምሮ ቀኝ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ሰው ሲያወራኝም ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለኝ። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ደምም ፈሳሽም የለውም፣ አያመኝም። የሠራው ልጅ መዳፉ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል፣ ቡና ነስንሰንበት በጨርቅ አስረነዋል። ፊቱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ፣ አንድ ዓይኑም ቀልቷል፣ ግን ያያል። ሁለተኛው አልፈነዳም፣ ልጁ ቤት አስቀምጦታል። በራሱ ይድናል? ለመስቀልም አስበን ነበር፣ ጆሯችን ውስጥ ጥጥ ብናደርግ ይበቃል? ቤተሰብ አልሰማም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሠራሩን የዘረዘርክበትን ክፍል ሆን ብዬ አውጥቼዋለሁ፣ ይህን አምድ ታናናሾችህም ያነቡታል።

«አያመኝም» ብለሃል። «ግን ያያል» ብለሃል። ጉዳቱን የምትለኩት በሕመም ነው ማለት ነው። ከእናንተ መካከል ከሁሉ የሚያመው የጓደኛህ መዳፍ እንደሚሆን እገምታለሁ፣ እሱ ግን ጥቂት ጊዜ ይሰጣችኋል። ጆሮና ዓይን ናቸው ብዙም ሳያሙ ቀን የሚቆጥሩባችሁ። ስለዚህ አጭሩ መልስ፦ ጓደኛህ ዛሬውኑ፣ አንተ ደግሞ ቢዘገይ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ረጅሙን ለማንበብ ጊዜ ካለህ ቀጥል። ከሌለህ ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት አንቀጾች ብቻ አንብብ።

ከጆሮህ ልጀምር። ጆሮ ውስጥ ፍንዳታ ሁለት ቦታ ይመታል። አንደኛው ታምቡሩ ነው። ስስ ሽፋን ስለሆነ የአየር ግፊቱ ሊቀደው ይችላል። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ውሃ እንዳይገባበት ከተጠነቀቅክ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ፣ ሲዘገይም በሁለት ሦስት ወር ራሱ ይዘጋል። ሁለተኛው ግን ከታምቡሩ ጀርባ፣ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ናቸው። በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው ያለን፣ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም። የጤፍ ማሳ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ አይተህ ታውቃለህ? ጤፉ ይጋሽባል። ከፊሉ ፀሐይ ሲያገኝ ቀና ይላል፣ አገዳው የተሰበረው ግን እዚያው ይቀራል። ጭውታው ከእነዚህ ሕዋሳት መመታት የሚመጣ ሊሆን ይችላል፣ የትኛው እንደጋሸበ የትኛው እንደተሰበረ ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም።

እስኪ አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክር። ጸጥ ያለ ቦታ ቁጭ በል፣ አፍህን ዘግተህ «እምምም» እያልክ አዚም። ድምፁ በየትኛው ጆሮህ ጎልቶ ይሰማሃል? በታመመው በቀኙ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ታምቡሩ አካባቢ ነው፣ ይሄ ቀለል ያለው ዜና ነው። በጤነኛው በግራው ከሆነ ግን የውስጡ ጆሮ ተነክቷል ብለን እንጠረጥራለን፣ ያኔ ሰዓቱ ዋጋ አለው። ለውስጥ ጆሮ ጉዳት ሐኪሙ የስቴሮይድ መድኃኒት ሊያዝልህ ይችላል፣ የሚረዳውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል። ራስህ ፋርማሲ ሄደህ እንዳትገዛው፣ መጠኑም ቀኑም ለአንተ ታይቶ የሚሰጥ ነገር ነው። በማዜም ያገኘኸው ውጤት ምንም ይሁን ምን ደግሞ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀርበህ መታየትህ አይቀርም፣ ሙከራው መንደርደሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም።

እስከዚያው ጆሮህ ውስጥ ምንም አታድርግ። የጤና አዳም ጭማቂ፣ የሞቀ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ሁሉንም ከጆሮ ውስጥ ጠርጌ አውጥቻለሁ። ጀንታማይሲን ጠብታም ይቅርብህ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ አልፎ እነዚያኑ የተረፉትን ሕዋሳት ሊጎዳ ይችላል። ስትታጠብ ቫዝሊን የነካ ጥጥ በጆሮህ አፍ ላይ አስቀምጥ፣ ንፍጥህንም አጥብቀህ አትናፈጥ። ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ለጊዜው ተወው።

ጥጥ ስል፣ ስለ መስቀል የጠየቅከው ትዝ አለኝ። ቫዝሊን የነካ ጥጥ ውሃ ይከለክላል፣ ድምፅ ግን አይከለክልም ብትል ብዙ አልተሳሳትክም። በሥራ ቦታ ለስምንት ሰዓት አደገኛ የሚባለው ድምፅ ከ85 ዴሲቤል ይጀምራል። ቅርብ የፈነዳ ርችት ከ140 ሊያልፍ ይችላል፣ ያን የሚያህል ድምፅ ደግሞ ጆሮን ለመጉዳት አንድ ጊዜ ብቻ በቂው ነው። አሁን የተመታ ጆሮህን ይዘህ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ተራራ ብትወጣ የጋሸበው ጤፍ ላይ በሬ ነዳህበት ማለት ነው።

ወደ ጓደኛህ ልምጣ። ያያል ማለት ዓይኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። ከፍንዳታ የሚወጣ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ነገር ዓይንን በስታ ትገባና ቀዳዳው ራሱ ይዘጋል፣ ልጁም ትንሽ መቅላትና መቆርቆር ብቻ ይሰማዋል። ችግሩ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ውስጡ ሲያመረቅዝ ነው። አይሸው። አይጠበው። የእናት ጡት ወተት እንዳታስጨምሩበት፣ የቴትራሳይክሊን ቅባቱንም ከመሳቢያ አታውጡት። ከቻላችሁ የወረቀት ኩባያ ቂጡን ቆርጣችሁ ዓይኑን ሳይነካ ከላይ ሸፍኑለትና ውሰዱት። ለዓይን ሕክምና ደግሞ ጅማ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው።

ፊቱ ላይ ያሉት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ቆዳው ውስጥ የተቀበረ የባሩድ ብናኝ ይመስሉኛል። አያምም፣ ስለዚህ ማንም አይቸኩልለትም። ግን ቆዳው ከላይ ሲድን ብናኙ ከሥር ይቀራል፣ ልክ እንደ አያቶቻችን ንቅሳት፣ ማንም ያልመረጠው ንቅሳት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በማደንዘዣ ቢታጠብ ይወጣ ነበር። አሁን አራተኛው ቀን ነው። ጊዜው እየጠበበ ቢሆንም ዛሬ ስለሚሄድ ያሳየው፣ በቤት ውስጥ ግን በመርፌ እንዳይቆፍረው።

እጁን በተመለከተ፣ ቡናችንን ስሟን ላጥፋ አልፈልግም፣ ጅማ ተቀምጦ ቡናን መክሰስ ከባድ ነው። ግን ቦታዋ ጀበና ውስጥ ነው። ዱቄቱ ንጹህ አይደለም፣ ሙቀቱን አያወጣም፣ ቁስሉን ይሸፍንብንና ጥልቀቱን ማየት ያቅተናል። ትክክለኛው ነገር ወዲያው 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቀዝ ያለ የሚወርድ ውሃ ማፍሰስ ነበር፣ በረዶ ሳይሆን። ያ አልፏል። አሁን የተጣበቀውን ቡና አትፋቁት፣ ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፣ ቀለበት ካለው እብጠቱ ሳይብስ አውልቁለት። ንጹህ ጨርቅ ሸፍኑትና ሌላውን ለነርሷ ተዉላት። መዳፍ የሚታጠፍ ቦታ ስለሆነ ሲድን ሊኮማተርና ጣት ሊይዝ ይችላል፣ ስለዚህ የእጅ ቃጠሎ ትንሽም ቢሆን መታየት አለበት።

የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ይጠይቅ። እናቶቻችን በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፣ እኛ ወንዶች ግን ብዙዎቻችን ከሕፃንነት በኋላ ክትባት አይተን አናውቅም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚወጣው፣ በአራተኛውም ቀን መወጋት ይጠቅማል።

ካርድ ስታወጡ «ምጣድ አቃጠለኝ» አትበሉ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለሕክምናው ነው። ከምጣድ ቃጠሎ ጋር ዓይንና ጆሮ አንመረምርም፣ ከፍንዳታ ጋር ግን እንመረምራለን። ውሸቱ የሚያስከፍላችሁ ይሄንን ነው።

የመጨረሻው ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። በአንድ መስመር ጣል አድርገኸው አለፍክ፦ «ሁለተኛው አልፈነዳም፣ ልጁ ቤት አስቀምጦታል።» ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ አንድ ልጅ እጁን በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ መጣ። ከሩቅ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ መስሎኝ ነበር። የሠራው ነገር አልፈነዳ ሲለው ለምን እምቢ እንዳለ ሊያይ ጎንበስ ብሎ አንስቶት ነበር። ሦስት ጣቶቹን አጣ። እያሸግንለት ቀና ብሎ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ዶክተር፣ በግራ እጅ መጻፍ ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ማትሪክ ሊፈተን ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ያልፈነዳ ነገር አልሞተም። በቤት የተቀመመ ደግሞ ሲነካካ፣ ሲወድቅ፣ ሲሞቅ ወይም ያለ ምንም ምክንያት ሊነሳ ይችላል፣ የሠራውም ልጅ ቢሆን መቼ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ አትንኩት። አትክፈቱት። ውሃ ውስጥ እንንከረው፣ ሽንት ቤት እንጣለው፣ ማታ አዌቱ ወንዝ እንወርውረው የሚል ሐሳብ ከመጣ እሱንም ተዉት። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ በተለይ ሕፃናቱ፣ ከዚያ ክፍል ርቀው ይውጡ፣ ማንም እሳት ይዞ አይቅረብ። ከዚያ ለፖሊስ ይነገር።

ቁጣ እንደምትፈሩ ይገባኛል። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ከሰፈር የሚከበር አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ አባት እስኪረጋጋ እሱ ይናገርላችኋል። ግን ዛሬ ማታ ይሁን፣ ያ ዕቃ ያለበት ቤት ውስጥ ሰው እንዳያድር።