«እኛ ፊት ይጠጡ» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያልቅ ድሬ ላይ የድግስ ወሬ ይጀምራል። በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆችና ስለ መጠጥ ናቸው።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ቤታችን ሊደግሱ ነው። ባለቤቴ «ውጭ ወጥተው ከሚሰክሩ እኛ ፊት ሁለት ሁለት ቢራ ይጠጡ» ይላል። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። (እናት፣ ከሳቢያን)

ልብዎን ይስሙት። ባለቤትዎ ክፉ አላሰቡም። ልጁ ጠጥቶ በሌሊት የጓደኛው ሞተር ላይ እንዳይፈናጠጥ ፈርተው ነው። ግን ግቢዎ የሚገቡት ልጆች ሁሉ የእርስዎ አይደሉም። የአንዱ እናት ቤት መጠጥ የሚባል አይገባም። የሌላው አባት በመጠጥ የተጎዳ ይሆናል። ሌላው መድኃኒት እየወሰደ ይሆናል፤ ማን ነግሮዎት? ለሌላ ሰው ልጅ መፍቀድ የሚችለው የራሱ ወላጅ ብቻ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሳሎንዎ ግሮሰሪ አይደለም፤ ቢሆንም ባለሱቁ የተከለከለውን እኛ በነጻ ስንቀዳ ልጆቹ ምን ይማራሉ?

«እኛ ፊት ከለመዱ ልክ ያውቃሉ» የሚለውንም አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ፈትሸውታል። ወደ 1,900 የሚሆኑ ልጆችን ከ12 እና 13 ዓመታቸው ጀምሮ ለ6 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ወላጅ መስጠቱ ልጁን ከጉዳት ሲጠብቀው አላገኙም። እንዲያውም ወላጆቻቸው የሰጧቸው ልጆች በቀጣዩ ዓመት ከሌላም ቦታ መጠጥ የማግኘት ዕድላቸው ጨምሮ ተገኘ።

ደግሞስ «ሁለት ሁለት» የሚለውን ማን ይቆጥራል? በድሬ ሙቀት ቀዝቃዛ ቢራ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው። በውሃ ሃይላንድ የተቀዳ አረቄ ደግሞ ካልተሸተተ በቀር ከውሃ አይለይም። አንዴ ቢራ ከተፈቀደ ያንን ሃይላንድ የሚጠረጥረው የለም።

ድግሱን ግን አይሰርዙት። ቤትዎ መሆኑ በጣም ጥሩ ነው። መጠጥ እንደሌለ አስቀድመው ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም ይንገሩ፤ ለወላጆች በስልክ ቢሆን ይመረጣል። ምግቡ ይትረፍረፍ፣ ስፕሪሱ ይቅረብ፣ ሙዚቃው ይከፈት። እናንተም ያን ቀን አትጠጡ። መኝታ ቤት ገብታችሁ በር አትዝጉ፤ ሳህን ይዛችሁ ብቅ ጥልቅ በሉ። የምታውቁት ባለባጃጅ የመመለሻ ሰዓቱን ይያዝ። ለልጅዎ ደግሞ አንድ ቃል ይግቡለት፦ «የትም ብትሆን፣ በስንትም ሰዓት ደውልልኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ። ወሬው ነገ ይደርሳል።» ሲደውል ቃልዎን ይጠብቁ። ያን ሌሊት ከጮሁበት ሁለተኛ አይደውልም።

እኔ በየበዓሉ ጠላ እየቀመስኩ ነው ያደግሁት። ምንም አልሆንኩም። ለልጆቼ ብሰጥ ምን አለበት? (አባት፣ ከከዚራ)

እርስዎ ደህና ወጥተዋል፣ ተመስገን ነው። አብረውዎት የቀመሱት የሰፈር ልጆችስ? እስቲ አንድ በአንድ ያስቧቸው። ጠላ ደግሞ መጠኑ አይታወቅም። የአንዷ ቀጭን ነው፣ የሌላዋ ፊልተር ጠላ ቢራን ያስከነዳል። ለሐምሌ ቁልቢ ገብርኤል ዘመድ ሲሰበሰብ ለልጆቹ ያልፈላ ብርዝ ያስበጥብጡላቸው። ቃሪቦም ይሆናል፤ ግን ሲከርም ስለሚያሰክር ቶሎ ይጠጣ።

ጓደኞቼ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይቅማሉ፣ ማታ ጨብሲ (ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር) ይወጣሉ። «ቤተሰቦቹ ያውቃሉ» የሚባል ቤት ነው የምንሰበሰበው። አልጠጣም ስል ይስቁብኛል። (የ17 ዓመት ልጅ፣ ከሐረር)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከትልልቆቹ ጥያቄ ሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል። ጫት ያነቃል፣ አልኮል ያደነዝዛል። ምርቃናው ስካሩን ይሸፍነዋል እንጂ ከደም አያወጣውም። ስለዚህ የጨበሰ ሰው «ገና አልነካኝም» እያለ ይደግማል። ሲነሳ እግሩ ይከዳዋል። ቤተሰብ ማወቁ ይህን አይቀይረውም። ስቀው ስቀው ይተዉታል። ረጅም ምክንያት አትደርድር፤ «አልጠጣም፣ ነገ ሥራ አለኝ» በቂ ነው። ለስላሳህን ራስህ ክፈት፣ ከእጅህም አትለየው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጫቱ ላይ አለመገኘት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ የሚጫወት አንድ ጓደኛ አታጣም።

ልጄ ከልደት ስትመለስ አስታወከች፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ቡና በሎሚ ሰጠኋት። ልክ ነኝ? (እናት፣ ከለገሀር)

ቡናም ሎሚም ቀዝቃዛ ሻወርም ስካር አያበርዱም። የሚያበርደው ጊዜ ብቻ ነው። በግድ ማስታወክም አደገኛ ነው። በጎኗ ያስተኟት፣ ብቻዋን አይተዉአት፣ አተነፋፈሷን ይከታተሉ። ሲቀሰቅሷት ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ሰውነቷ ከቀዘቀዘ «ትተኛበት» አይበሉ። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ ወይም በተገኘው መኪና ድል ጮራ ሆስፒታል ያድርሷት። ሐሜት ፈርተው የጠጣችውን ከሐኪሙ አይደብቁ።

የልጄ 16ኛ ልደት ነው። ግማሾቹ ጓደኞቿ ሙስሊሞች ናቸው። ለትልልቆቹ ለብቻ ቢራ ብናቀርብስ?

ያን ቀን ይቅር። ቀኑ የእርሷ ነው፤ የትልልቆቹ ቢራ ለሌላ ቀን ይደርሳል። ሥጋ የሚያቀርቡ ከሆነም የሙስሊሙን ለብቻ ማሰራትዎን አይርሱ። ካስቸገረ የጾም ምግብ ሁሉንም ያስማማል።