ሳንቾ ጌታውን «አንተ» ይበለው ወይስ «እርስዎ»?

ጥያቄ፦ «የዶን ኪሆቴ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በሥዕል የተዋበ፣ እጄ ገባ። ማታ ማታ ለልጄ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ። እንግሊዝኛው ጌታውንም ሎሌውንም «ዩ» ብሎ ይገላገላል። እኔ ሁለቱ ጓደኛሞች ስለመሰሉኝ ሳንቾን «አንተ» አስባልኩት። እናቴ ከጎን ሆና ስትሰማ «ሎሌ ጌታውን አንተ ይላል እንዴ? ምን ዓይነቱ ስድ ነው!» አለች። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ እኔ ስተርክ ዶን ኪሆቴ «ወደቀ» ልበል «ወደቁ»? ልጄ ከየሥዕሉ ሥር በአማርኛ እንድጽፍላት ስለምትፈልግ የስሙንም አጻጻፍ ይንገሩኝ።»

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። ሳንቾ ጌታውን «እርስዎ» ይበል። ሲያሞግሰውም፣ ሲነዘንዘውም፣ ሲያሾፍበትም «እርስዎ»።

ይህን የምለው ለወጋችን አድልቼ አይደለም። ስፓኝኛው ራሱ እንዲያ ስለሚል ነው። ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ የመጀመሪያውን ክፍል በ1605፣ ሁለተኛውን በ1615 ሲያሳትም (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የስፓኝኛ አጠራር ሦስት እርከን ነበረው። ከታች «ቱ»፣ መሀል ላይ «ቮስ»፣ ከላይ «ቡዌስትራ መርሴድ»። ዶን ኪኾቴ ሳንቾን «ቱ» ይለዋል። ሳንቾ ደግሞ ጌታውን «ቡዌስትራ መርሴድ»። እንግሊዝኛው ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው ለእርስዎ ያደረሰው። ስለዚህ ግራ ቢጋቡ አይፈረድብዎትም።

«ቡዌስትራ መርሴድ» ቃል በቃል «ቸርነትዎ» እንደማለት ነው። በአፍ ሲመላለስ እያጠረ ሄዶ የዛሬው «ኡስቴድ» ሆኗል። ግሱ ሰውየውን ፊት ለፊት እንደሚያነጋግሩት አይሆንም፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆኖ ይረባል። አሁን ወደ ራሳችን ይምጡ። «እርሱ»፣ «እርስዎ» የሚሉት ውስጥ ያለው የግዕዙ «ርእስ» ነው፤ ራስ ማለት። ግሱንም ይዩት፦ «እርስዎ መጡ»፣ «እነሱ መጡ»። ልዩነት የለውም። ሁለቱም ቋንቋዎች ትልቁን ሰው በቀጥታ ከመጥራት ገለል ብለዋል። ስፓኝኛው ቸርነቱን ያነጋግራል፤ አማርኛው ራሱን። እንግሊዝኛው መንገድ ላይ የጣለውን ነገር አማርኛ ያለ ልፋት ያነሳዋል።

«ግን እኮ ጓደኛሞች ናቸው» ይሉኛል። ናቸው! ጓደኝነታቸው የሚጣፍጠው ግን በ«እርስዎ» ሲነገር ነው። አንድ ቦታ ላሳይዎት። ሁለተኛው ክፍል፣ ምዕራፍ 60። የዶን ኪኾቴ ፍቅረኛ ዱልሲኒያ ከተያዘችበት አስማት እንድትፈታ ሳንቾ በገዛ እጁ ራሱን 3,300 ጊዜ መግረፍ አለበት ተብሏል። ሳንቾ ዛሬ ነገ እያለ ያጓትታል። አንድ ሌሊት ዶን ኪኾቴ ትዕግሥቱ ያልቅና የፈረሱን ልጓም ይዞ ይመጣል፤ የተኛውን ሳንቾ ራሱ ሊገርፈው የሱሪውን ማሰሪያ መፍታት ይጀምራል። ሳንቾ ብድግ ይልና ይተናነቀዋል። ጠልፎ ይጥለዋል። ቀኝ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አሳርፎ እጆቹን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ጌታው ከታች ሆኖ «አንተ ከሃዲ! እንጀራህን በሚያበላህ ጌታህ ላይ ትነሣለህ?» ሲል፣ ሳንቾ ምን ይላል? «ንጉሥ አልሽርም፣ ንጉሥ አላነግሥም፤ የራሴ ጌታ እኔው ነኝ። አርፈው እንደሚቀመጡ፣ ለዛሬ እንደማይገርፉኝ ቃል ይግቡልኝና እለቅዎታለሁ።»

ጉልበቱ ደረት ላይ ነው፤ አፉ ግን «ቃል ይግቡልኝ» ይላል። ይህን «ቃል ግባልኝ» ብለው ይሞክሩት። የሁለት ሰካራሞች ግብግብ ይሆናል፤ ሳቁ ድራሹ ይጠፋል።

እዚያው ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሳንቾ ንግግሩን ሲጨርስ «እምቢ ካሉ ግን» ብሎ ከአንድ የድሮ የትረካ ግጥም ሁለት ስንኝ ይወረውራል፦ «እዚሁ ትሞታለህ አንተ ከሃዲ፣ የዶኛ ሳንቻ ጠላት!» («ዶኛ» እመቤት እንደማለት ነው።) ስፓኝኛው እዚህ «ቱ» ይላል። ሰውየው ጌታውን ያዋረደ እንዳይመስልዎት። ግጥም ነው የተናገረው። በእኛም አገር አዝማሪ ጌታውን በወግ ሲያነጋግር «እርስዎ» ይላል፤ ማሲንቆውን ይዞ ሲገጥም ግን «አንተ» ቢል የሚቆጣው የለም። ስለዚህ «ይግቡልኝ» ካለ በኋላ ስንኙን በ«አንተ» ይልቀቁት። አማርኛ ሰሚ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

መጨረሻው ላይም እንዲሁ ነው። ጌታው አልጋ ላይ ሆኖ «ይቅር በለኝ ወዳጄ» ይለዋል። ሳንቾ እያለቀሰ «አይሙቱ ጌታዬ፣ ምክሬን ይስሙና ብዙ ዓመት ይኑሩ» ይላል። እኔ ብሆን «አይሙቱብኝ» እላለሁ። «ብኝ»ን ስፓኝኛው አላስቀመጣትም፤ አማርኛው ግን እንዲህ ባለ ቦታ ያለ እሷ አይሆንለትም።

ከላይ ወደ ታች ሲሆን «አንተ» ይበቃል። አንድ ተንኮል ግን አለ። ዶን ኪኾቴ ሲናደድ ሳንቾን «ቱ» ማለቱን ትቶ ወደ «ቮስ» ከፍ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ክፍል ምዕራፍ 20 ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስፈራ ድብደባ ሲሰሙ ያድራሉ። ሲነጋ ለካ በውኃ ኃይል ጨርቅ የሚወቅጡ ስድስት መዶሻዎች ናቸው። ሳንቾ በሳቅ ይፈርሳል። የጌታውን የጀግንነት ንግግር እየደገመ ሲቀልድበት በጦር ዘንግ ሁለት ጊዜ ይቀምሳል። ከዚያ ጌታው እንዲህ ይላል፦ «እስቲ ወዲህ ይምጡ፣ ደስተኛው ጌታዬ!» ይህ አማርኛ ያልተማረ ልጅ የለም። እናት ስትናደድ «እሺ ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» ስትል ልጁ የቱን በር ይዞ እንደሚሮጥ ያውቃል። እዚህ ቦታ «እርስዎ» አክብሮት ሳይሆን ቁጣ ነው። ድምፅዎን ትንሽ ቀዝቀዝ አድርገው ያንብቡት።

የሳንቾ ሚስት ቴሬሳ ደግሞ ባሏን የምትጠራው በአብዛኛው በመሀሉ «ቮስ» ነው። ለዚህ «እርስዎ» ትንሽ የከተማ፣ የቢሮ ቃል ይሆንብኛል። እኔ «አንቱ»ን አመጣለሁ። ከተማ ውስጥ «አንቱ የተባለ ሐኪም» በሚለው አነጋገር ብቻ የቀረ ይመስላል እንጂ፣ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ገጠር አፍ ላይ ያለ ቃል ነው። የገበሬ ሚስት ለባሏ ስትለው መሬት መሬት ይሸታል። በሁለተኛው ክፍል ምዕራፍ 5 ቴሬሳ የምትለውን እንዲህ ብመልሰው የሚያስቀይማት አይመስለኝም፦ «አንቱ ሳንቾ፣ የዚያ ፈረሰኛ አካል ከሆኑ ወዲህ ነገርዎ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ሆኗል፤ ማን ይረዳዎታል?»

ይህን ምዕራፍ በተለይ እንዳይዘሉት። እርስዎ የጠየቁኝን ጥያቄ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ይጨቃጨቁበታል። ሳንቾ ገዥ ስሆን ልጃችንን ለትልቅ ሰው እድራታለሁ ይላል። ቴሬሳ አይሆንም ትላለች። እስከ ዛሬ በቁልምጫና በ«ቱ» ስትጠራ የኖረችውን ልጅ ድንገት «ዶኛ እገሊት»፣ «ክብርትነትዎ» ቢሏት መግቢያ መውጫው ይጠፋታል፤ በየእርምጃዋ ትሳሳታለች ነው ነገሩ። በእንግሊዝኛ ይህ ጭቅጭቅ ማብራሪያ ይፈልጋል። በአማርኛ «ትናንት አንቺ፣ ዛሬ እርስዎ» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

«ዶን» የምትለዋን አይተርጉሟት፤ ግን ለልጅዎ አንድ ጊዜ ያስረዷት። በዚያ ዘመን «ዶን» ማንም የሚለጥፋት ማዕረግ አልነበረችም። ሰውየው የአንዲት መንደር ደኸየት ያለ ባላባት ነው፤ ማዕረጉን ራሱ ነው ለራሱ የሰጠው። ጎረቤቶቹም ያሙታል፦ አራት ጉማጅ ወይንና ሁለት ጥማድ መሬት ይዞ «ዶን» ሆነ ብለው። ሳንቾ ግን አስተዋይ ነው። ገዥ ሆኖ ሲሾም «ዶን ሳንቾ» የሚል ጽሑፍ ያነቡለታል። እሱም «እኔ ዶን የለኝም፣ በዘሬም አልነበረም፤ ሳንቾ ፓንሳ ብቻ በሉኝ» ይላል።

ለዱልሲኒያ የተጻፈው የፍቅር ደብዳቤ «አንቺ» ይሁን። ስፓኝኛውም «ቱ» ነው። «የሌለውን ጤና ይልክልሻል» ይላል ያ ምስኪን። ማን ነው ፍቅሩን በ«እርስዎ» የሚገልጥ?

አሁን ወደ ተራኪው። ይኸኛው የእኛ ራስ ምታት ነው፤ ስፓኝኛ ሦስተኛውን ሰው በግስ ከፍና ዝቅ አያደርገውም። ዶን ኪኾቴ ዕድሜው ሃምሳ የተጠጋ ባላባት ነውና «ወደቁ» ማለት ያምራል። እንደውም ሰውየው ሲፈነገል «ዶን ኪኾቴ ተገለበጡ» ቢሉ ልጅዎ መሳቋ አይቀርም። አይዘልቅም እንጂ። ምክንያቱም ቀደም ሲል ያልኩት ነው፤ የአክብሮቱና የብዙ ቁጥሩ ግስ አንድ ነው። ይህ ታሪክ ደግሞ ሁለት ሰዎች አብረው የሚጓዙበት ታሪክ ነው። «ከዚያ መንገድ ጀመሩ» ሲሉ ማን ጀመረ? እሱ ብቻ? ሁለቱም? በነፋስ ወፍጮዎቹ ቦታ ይሞክሩት። ሜዳው ላይ ሠላሳ ወይም አርባ ወፍጮ ቆሟል። የወፍጮው ክንፍ ጦሩን ሰባብሮ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም ጠራርጎ ይወስዳል። «መንቀሳቀስ አልቻሉም» ብለው ቢተርኩ ልጅዎ «ፈረሱም?» ብላ ትጠይቅዎታለች። ልክ ናት።

ሌላም ማስረጃ አለ። ተረታችን ንጉሥን እንኳ «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ንጉሥ ነበረ» ብሎ ነው የሚጀምረው እንጂ «ነበሩ» አይልም። አንቱታ የጋዜጣና የሰላምታ ወግ ነው። ተራኪ ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በላይ ስለሆነ «ወደቀ» ማለት መብቱ ነው። ሳንቾ ለሚስቱ ስለ ጌታው ሲያወራ ግን «እሳቸው» ይበል። የዶን ኪኾቴ የእህት ልጅና የቤት ሠራተኛው ሴትዮም እንደዚያው።

የሥዕሎቹን ጽሑፍ በተመለከተ ያው «እሱ» ይቀጥል። «ዶን ኪኾቴ ከነፋስ ወፍጮ ጋር ሲዋጋ» ይበሉ፤ «ሲዋጉ» ካሉ ሳንቾም የተዋጋ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ «ወፍጮ ናቸው» እያለ ሲጮህ ነበር። አክብሮቱን ለሥዕሉ ይተዉት። ከጉስታቭ ዶሬ የ1863 ሥዕሎች ጀምሮ የለመድነው ረዥሙ ከሲታ በፈረስ፣ አጭሩ ድቡልቡል በአህያ ላይ ሆነው ነው። ማን ማንን ቀና ብሎ እንደሚያይ መጻፍ አያስፈልግም።

እግረ መንገዴን፣ «ሎሌ» ከማለት «ጋሻ ጃግሬ» ይሻላል። የሳንቾ ሥራ በስፓኝኛ «ኤስኩዴሮ» ነው፤ «ኤስኩዶ» ከሚለው፣ ጋሻ ማለት ነው። ዛሬ ቃሉ በፖለቲካ ስድብ ሆኖ ስሙ ጎድፏል፤ ሳንቾ ላይ ግን ልክክ ይላል።

ስሙ ቀረ። ሰውየው ለፈረሱ ስም ለማውጣት 4 ቀን፣ ለራሱ 8 ቀን ፈጅቶበታል። መጀመሪያ ፈረሱ፣ ቀጥሎ ባለፈረሱ! ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ሲል ለኖረ አገር ቅደም ተከተሉ እንግዳ አይደለም። እኔ «ኪኾቴ» ብዬ የምጽፈው የዛሬው ስፓኝኛ እንደዚያ ስለሚጠራውና ፊደላችን «ኾ» ስላለው ነው። «ክዊክሶት» የእንግሊዝኛ ንባብ ነው፤ ይተዉት። ልጅዎ «ኪሾቴ» ብላ ካነበበች ግን አያርሟት። በሰርቫንቴስ ዘመን ያ ፊደል ወደ «ሸ» የቀረበ ድምፅ ነበረው፤ ፈረንሳዮች «ኪሾት»፣ ጣልያኖች «ኪሾቴ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ለአያቷ «ኾ» ከከበዳቸው «ኪሆቴ» ቢሉም ያስኬዳል።