ጎማ መድፈኛ ስትገዙ የፍሬውን ብዛት ሳይሆን ገመዱንና ወስፌውን እዩ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ቪትዝ ይዤ ራይድ ነው የምሰራው፣ ውሎዬ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ ነው። ባለፈው ወር ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁለቱ ላይ ሰው ጭኜ የኋላ ጎማዬ ሚስማር ገባበት። ስኮርቴ (ትርፍ ጎማዬ) ቀን ላይ ፈንድቶ ጎሚስታ ጋ ትቼው ነበር፣ ያለኝ ከመርካቶ የገዛሁት ባለ ፕላስቲክ እጀታ መድፈኛ ኪት ብቻ ነው፣ እሱም ገና ሶስተኛ ስራው ላይ እጀታው መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ ወስፌው ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። ተሳፋሪዋን ሌላ መኪና አስይዤ እስከ 5 ሰዓት እዛው ቆምኩ። አሁን የሚበረክት ልግዛ ብዬ ሱቅ ለሱቅ ስዞር አንዱ 30 ፍሬ መድፈኛ ገመድ አለው ይለኛል፣ ሌላው 60፣ የቱን ልመን? ደግሞ አንድ ጎሚስታ ገመድ ጎማ ይገላል አለኝ፣ እውነት ነው?
የቪትዝ ሹፌር፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን በደህና ወጣህ፣ እዛ ቁልቁለት ላይ በማታ መኪና በክሪክ ማንሳት በራሱ አደጋ ነው፣ ከፒያሳ የሚወርደው ሚኒባስ አያይህም። ሌላ ቀን እንደዛ ካጋጠመህ ጎማው ይበላሽ ብለህ ቀስ እያልክ ሜዳ ቦታ ፈልግ፣ ጎማ ይገዛል። ካቆምክም በኋላ ሁለት ድንጋይ ታኮ ሳታደርግ ክሪኩን እንዳትነካው።

ወደ ኪቱ ስንመጣ የፍሬው ብዛት አይሸውድህ። አንድ ቀዳዳ የሚፈልገው አንድ ገመድ ነው፣ ሰፋ ካለ ሁለት፣ 60ውን ፍሬ ጨርሰህ አታውቅም፣ ሳጥኑ ውስጥ ይደርቃል። እኔ መጀመሪያ የማየው እጀታውን ነው። በቲ ቅርጽ የተሰራ፣ ሙሉ ብረት፣ በሁለት እጅ ጨብጠህ በደረትህ ክብደት የምትገፋው መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የመኪና ራዲያል ጎማ ከጥርሱ ስር የብረት ሽቦ አለው፣ ወስፌው በዛ ሽቦ መሀል ነው የሚያልፈው። እንደ ካቻቢቴ ቀጥ ያለ ፕላስቲክ እጀታ ይሄን አይችልም። ከአመታት በፊት ሐምሌ ላይ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በዝናብ ተንበርክኬ ስገፋ የኔም እንዳንተው ተሰነጠቀና የብረቱ ቂጥ መዳፌን ወጋው፣ ጠባሳው አውራ ጣቴ ስር እስከዛሬ አለ፣ ከዛን ቀን ወዲህ ፕላስቲክ እጀታ ለማንም ሰው ግዛ ብዬ አላውቅም።

ብረት ነው ብለህም ዝም ብለህ አትክፈል። እጀታውን በአንድ እጅ፣ ወስፌውን በሌላው ይዘህ ጠምዝዘው፣ ከተንቀጠቀጠ ተወው። ወስፌው በብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) የሚፈታና የሚጠብቅ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቢሰበር እሱን ብቻ ትቀይራለህ፣ ግን መፍቻዋ ሳጥኑ ውስጥ መኖሯን እይ። ገመዱ የሚሰካበትን የወስፌውን አይን በጣትህ ዳስሰው፣ ጠርዙ ሹል ከሆነ ስትስብ ገመዱን ይቆርጥብሃል፣ እቤት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ቀዳዳ የሚያጸዳው፣ ያ እንደ ሞረድ ሸካራው ብረት፣ ጥርሱ እስከ ጫፉ ድረስ የተቆረጠ ይሁን፣ ቀለም ተቀብቶ ሸካራ የሚመስል አለ፣ እሱ ምንም አያጸዳም።

ዋናው ነገር ግን ገመዱ ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ እሱን ሳያይ ነው የሚገዛው። ጥሩ ገመድ ውስጡ ጠንካራ ክር ነው፣ ክሩ ገና ባልበሰለ ሙጫማ ጎማ ተነክሯል፣ ጎማው ሲሽከረከር በሚፈጥረው ሙቀት ነው ከጎማህ ጋር እየተያያዘ የሚሄደው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ አንዷን ከላስቲኩ ላይ ላጥ አድርገህ እጠፋት፣ ጣትህ ላይ ሙጭጭ ብላ ከተጣበቀች ግዛ፣ ደርቃ ከተሰነጠቀች ወይ ክሩ ከተበተነ መልስለት። ሻጩ አትክፈት ካለህ ሶማሌ ተራ የሚያስከፍትህ ሱቅ አታጣም። ለትንሽ መኪና 10 ሳንቲሜትር የሚሆነው ርዝመት ይበቃሃል። ገዝተህ ስትወጣ ደግሞ በሚዘጋ ፌስታል ጠቅልለህ አስቀምጠው፣ ፀሀይ ላይ የዋለ የመኪና ኮፈን ገመድም ማስቲሽም ያደርቃል። ማስቲሿ አንዴ ከተከፈተች ብዙ አትቆይም፣ በየጊዜው አዲስ ግዛ፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው።

ስትሰራበት ሁሉንም አዘጋጅተህ ሳትጨርስ ሚስማሩን እንዳትነቅል፣ ሚስማሩ እስካለ አየሩ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ከነቀልከው ግን ትጣደፋለህ። የፊት ጎማ ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ብዙ ጊዜ ያለ ክሪክ ይደረስበታል። ሚስማሩ በምን አቅጣጫ እንደገባ ልብ ብለህ በፒንሳ ንቀለው፣ በዛው አቅጣጫ ሞረዱን እያስገባህ እያወጣህ አስር ጊዜ ያህል ፈግፍግ፣ የተቆረጠው ሽቦ ጫፍ ካልተስተካከለ ቆይቶ ገመዱን ይበላዋል። ከዛ ገመዱን ወስፌው ላይ መሀሉን ሰክተህ ማስቲሽ ቀብተህ ግፋው፣ ሁለቱ ጫፎች አንድ አንድ ሳንቲሜትር ውጪ ሲቀሩ አቁም፣ ወስፌውን ሳትጠመዝዝ ባንዴ መዝዘህ አውጣ። ትርፉን 3 ሚሊሜትር ያህል አስቀርተህ ቁረጠው፣ አትሳበው። አየር ሞልተህ ምራቅም ሳሙናም ቀባበት፣ አረፋ ካላወጣ ተይዟል። አየር መሙያዋ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ብትኖርህ ከኪቱ እኩል ነው የምቆጥራት፣ ሞተር አስነስተህ ተጠቀምባት፣ ከሲጋራ መለኮሻው የምትሰካ ከሆነ ፊውዙ ስንት አምፔር እንደሚችል መጀመሪያ እይ። ስንት ልሙላ ካልክ በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ላይ አለ፣ አብዛኛው ትንሽ አውቶሞቢል ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው።

ጎሚስታው ያለህ ግማሹ እውነት ነው። የሚገለው ገመዱ ሳይሆን ገመዱን ብቻ አምኖ መቅረቱ ነው። ባዶ ጎማ ላይ ትንሽም ከነዳህ ጎኑ ከውስጥ ይፈጫል፣ ከውጪ ምንም አይታይም፣ ጎሚስታ ጎማውን ከቸርኬው አውርዶ ሲያየው እንደ ተፈጨ ቡና ጥቁር ዱቄት ይወርዳል፣ ያ ጎማ አልቆለታል፣ ምንም ብትደፍነው ለሰው አይጫንበትም። ዱቄት ከሌለ ቀዳዳው ከውስጥ ይለጠፍለት፣ ጃንጥላ የሚመስለውን ልጣፍ፣ ግንዱ ቀዳዳውን ሞልቶ ክዳኑ ከውስጥ የሚጣበቀውን አይነት ካገኘህ እሱ ነው ትክክለኛው ጥገና። እስከዛ ግን ከ80 በላይ አትንዳው፣ በተለይ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ገመድ ባለው ጎማ እንዳትወጣ አደራ። ከ6 ሚሊሜትር የሰፋ ቀዳዳ፣ ወይ ከጥርሱ ወጥቶ ትከሻው ወይ ጎኑ ላይ ያለ ቀዳዳ በገመድም በምንም አይደፈንም፣ ጎኑ ስትነዳ ይተጣጠፋል፣ ገመዱን ተፍቶ ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ማታ ከስራ ብቻዬን ነው የምነዳው፣ ወስፌ መግፋት አልችልም፣ በቫልቩላ የሚነፋው የአረፋ ጣሳ አይሻለኝም? — እናት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እህቴ ለአንቺ ሁኔታ ይሻላል፣ ጨለማ ቦታ ከመቆም ያድናል፣ ትንሽ የሚስማር ቀዳዳ ይይዛል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን እዪ፣ ያለፈበት ላይነፋ ይችላል። ከነፋሽ በኋላ ወዲያው ጥቂት ኪሎሜትር ቀስ ብለሽ ንጂው፣ አረፋው ውስጡን እንዲያዳርስ ነው፣ በነጋታው ጎሚስታ ጋ ሄደሽ አረፋ እንዳለበት ቀድመሽ ንገሪው፣ ሳያውቅ ከከፈተው ይረጨዋል፣ ማጽዳቱም ስራ ስለሆነ ቢያስከፍልሽ አይክፋሽ። መኪናሽ በዳሽቦርዱ የጎማ ንፋስ የሚያሳይ ከሆነ ሴንሰሩን እንዲጠርግልሽ አደራ በይው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ይሄ ገመድ ለኔ ይሰራል? — ከሰባተኛ

መልስ፦ ካላማዳሪያ (በአየር የሚሞላ የውስጥ ላስቲክ) ያለው ከሆነ አይሰራም፣ ገመዱ የጎማውን ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ካላማዳሪያው ከውስጥ እንደተቀደደ ነው፣ እንዲያውም ወስፌው ሌላ ቀዳዳ ይጨምርበታል። የጎማህ ጎን ላይ ቱብለስ (ያለ ካላማዳሪያ የሚሰራ) የሚል ጽሁፍ ቢኖርም አትመን፣ ቱብለስ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ የሚከቱ አሉ፣ ቸርኬው ስለዛገ ወይ ስለተጣመመ። በሚቀጥለው ጎማህ ሲወርድ ቆመህ እይ፣ ካለ ኪቱን ትተህ ጥሩ ስኮርትና የሚሰራ ክሪክ ያዝ።