መልስ፦ ራስቤሪዬ ትልቅ ፍሬ ያፈራል፣ ጣዕሙ ግን ውሃ ውሃ ይላል

ሰላም እህቴ፣ ለንደን ውስጥ በተከራየሽው የአትክልት ቦታ ያለው ራስቤሪ ለምን ጣዕም እንዳጣ ጠይቀሻል። በየጊዜው የዶሮ ኩስ እንደምትጨምሪበት መጻፍሽ ዋናውን ምክንያት ይጠቁማል። በኩሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን (ቅጠል የሚያበዛ ንጥረ ነገር) ሲበዛ ተክሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፤ ፍሬው ቢያብጥም አይጣፍጥም። ኩሱን ተዪው። በጸደይ መግቢያ ፖታሲየም ሰልፌት የተባለውን ማዳበሪያ በትንሹ በትኚበት፤ ፖታሲየም ክሎራይዱን ግን አደራ አትግዢ፣ ራስቤሪን ይጎዳዋል። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ውሃውን ቀንሺ፤ ሥሩ እስኪደርቅ ግን አይሁን።

ከሁሉ በላይ ለቀማው ላይ ታገሺ! የደረሰ ፍሬ በጣት ሲነካ ነጩን እምብርት እዚያው ትቶ በቀላሉ ይወልቃል። መጎተት ካስፈለገ ገና ነው፤ ከተለቀመ በኋላ ደግሞ ጣፋጭነት አይጨምርም። ብላክከረንትም (ትንንሽ ጥቁር ፍሬ የሚያፈራው ቁጥቋጦ) እንደዚሁ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ፍሬው ከጠቆረ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ቁጥቋጦው ላይ ይቆይ።

ዝርያውን አልገለጽሽም። እንደ ኦተም ብሊስ በመከር የሚያፈራ ከሆነ በፌብሩዋሪ ዘንጉን ሁሉ ከመሬት ቁረጪ። እንደ ግሌን አምፕል በበጋ የሚያፈራ ከሆነ ግን ከለቀማ በኋላ ያፈራውን ዘንግ ብቻ አስወግጂ፤ አረንጓዴው አዲስ ዘንግ የመጪው ዓመት ፍሬ ነውና እንዳትነኪው።