ለሁለት የተከፈለው ሳሙናሽና የአጎትሽ ብር

ውድ እህቴ፣

ከድሬዳዋ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኬሚስትሪ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኘሽም። አዲስ አበባ ሄደሽ የሦስት ቀን የሳሙና አሠራር ሥልጠና ወሰድሽ፤ ተመልሰሽም በግቢያችሁ ጓሮ በማንኪያ እየተዛቀ የሚሸጥ የልብስ ማጠቢያ ክሬም ሳሙና መሥራት ጀመርሽ። በመጀመሪያው ቀን አረፋው ከሳፋው ይተርፋል። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ግን ከሥሩ ውኃ ያቋጥራል፣ ላዩ እንደ ስኳር ይሻክራል፤ ጎረቤቶችሽም «እንደ በፊቱ አረፋ አያወጣም» እያሉ ዕቃውን ይመልሱልሽ ጀመር። አጎትሽ ማደባለቂያ ማሽን እንድትገዢ 200,000 ብር ሊያበድሩሽ ተዘጋጅተዋል። በሌላ በኩል አንድ የሳሙና ፋብሪካ ለጥራት ቁጥጥር ረዳትነት ጠርቶሻል፤ ደመወዙ ግን የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪን ቢሸፍን ነው። «ጋሼ፣ የትኛውን ልያዝ?» ብለሻል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ፋብሪካው ግቢ። የአጎትሽን ብር አሁን አትንኪ። ሳሙናውን ግን እንዳትተዪው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ባልዲሽ ድረስ መምጣት ይኖርብኛል፤ እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ዓመታት ያሳለፍኩት በሳሙና ፋብሪካ የጥራት ክፍል ውስጥ ነበርና ታገሺኝ።

የጻፍሽልኝ ቀመር ለ100 ኪሎ እንዲህ ይላል፦ 12 ኪሎ ሰልፎኒክ አሲድ (ዋናው አጽጂ)፣ 1 ኪሎ ተኩል ኮስቲክ ሶዳ (አሲዱን የሚያመክነው)፣ 20 ኪሎ ሶዳ አሽ (ነጩ የሶዳ ዱቄት)፣ 3 ኪሎ ቴክሳፖን (ሌላው አረፋ ሰጪ)፣ 3 ኪሎ ጨው፣ 2 ኪሎ ሶዲየም ሲሊኬት፣ የቀረው ውኃ። ኮስቲኩ ልክ ነው፤ ንጥሩ 96 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ ሰልፎኒክ አሲድ ከ12 እስከ 13 ኪሎ ኮስቲክ ይፈልጋል፣ ያንቺም እዚያው ላይ ነው ያረፈው። ችግርሽ ያለው ሶዳ አሹ ላይ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ውኃሽ ወደ 58 ኪሎ ይሆናል። 20 ኪሎ ሶዳ አሽ በ58 ኪሎ ውኃ ውስጥ ማለት በ100 ግራም ውኃ 34 ግራም ገደማ ማለት ነው። ውኃ በ30 ዲግሪ ሙቀት ወደ 40 ግራም ሶዳ አሽ ያሟሟል፤ በ20 ዲግሪ ግን የሚችለው 21 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስታደባልቂ ኮስቲኩና አሲዱ ሲገናኙ ባልዲው ይግላል፣ ሁሉም ነገር ይሟሟል፣ ሳሙናው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውኃው መሸከም ያቃተውን ይጥላል። የሚጥለው ደግሞ ዱቄቱን ብቻ አይደለም። ከ32 ዲግሪ በታች ሶዳ አሽ ክሪስታል የሚሠራው ውኃ ይዞ ነው፤ አንድ ኪሎው 1.7 ኪሎ ውኃ ጠጥቶ ይደርቃል። እጅሽ ላይ የሻከረሽ ያ ነው።

የድሬዳዋ አየር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ቀን ሙቀቱ 32 ዲግሪን ሲያልፍ ክሪስታሉ ይቀልጣል፣ ማታ ሲወርድ ተመልሶ ይሠራል፤ በየቀኑ ሲቀልጥና ሲሠራ ትንንሾቹ እየጠፉ ትልልቆቹ ያድጋሉ። ሥልጠናው የፈጀው ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ማንም አያየውም፤ አሠልጣኝሽም ሆን ብሎ የዋሸሽ አይመስለኝም።

ውኃው የት ላይ እንደሚያቋጥር መጻፍሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ሰው «ተበላሸብኝ» ብሎ ያቆማል። ውኃው ከሥር፣ ሳሙናው ከላይ ከሆነ ጨው በዝቷል ማለት ነው። ሶዳ አሹም፣ ሲሊኬቱም፣ ተራው ጨውም ሁሉም ጨው ናቸው፤ ሲበዙ ውኃውን ወደ ራሳቸው ስበው አረፋ ሰጪውን ገፍተው ያወጡታል። በተቃራኒው ውኃው ከላይ ሆኖ ከሥር ደለል ቢጠነክር ኖሮ፣ ሳሙናው ቀጥኖ ዱቄቱን ሊሸከም አልቻለም እልሽ ነበር። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ያንቺ የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ እንዲወፍር ብለሽ ጨው መጨመርሽን ዛሬውኑ አቁሚ። ጨው ትንሽ ሲሆን ያወፍራል፣ ከልኩ ሲያልፍ ግን ያቀጥናል፤ መስመሩን ያለፍሽው ሳታውቂው ነው።

አቅጣጫውን ልስጥሽ፣ ልኩን አንቺ በሙከራ ታገኚዋለሽ። ሶዳ አሹን ወደ 8 ኪሎ አውርጂው። ሰልፎኒኩን ወደ 15፣ ኮስቲኩን ወደ 1 ኪሎ ከ900 ግራም፣ ቴክሳፖኑን ወደ 5 ከፍ አድርጊ። ከኮኮናት ዘይት የሚሠራውን ሲዲኢኤ 2 ኪሎ ጨምሪበት፤ ያወፍራል፣ አረፋውንም ያጸናል። ሳሙናው አካል እንዲኖረው ሲኤምሲ ከተባለው ማወፈሪያ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ ከጨርቅ የለቀቀው እድፍ ተመልሶ እንዳይለጠፍም ይረዳል። ሲኤምሲን እንደ ገንፎ አስቢው፤ ውኃው ላይ አንዴ ከደፋሽው ይጓጉላል፣ ጓጉሎም ይቀራል። ብቻውን በውኃ እያማሰልሽ በጥቂት በጥቂቱ ነስንሺው፣ አሳድሪው፣ ጠዋት ጨምሪው። ጨው ካስፈለገሽ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ነገር ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በ100 ግራም በ100 ግራም እየጨመርሽ ውፍረቱን ተከታተዪ።

የአረፋው ነገር ግን ከቀመሩ ብቻ የመጣ አይደለም። የድሬዳዋ ውኃ ጠንካራ ነው፤ ጀበናሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ። በውኃው ያለው ካልሲየም ሰልፎኒኩን ይዞት ይዘቅጣል፣ አረፋም ይጠፋል። ቴክሳፖን ካልሲየምን በተሻለ ይቋቋማል፤ መጠኑን ከፍ አድርጊ ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ትንሽ ሶዲየም ሲትሬትም ይረዳል። የአዲስ አበባ ሥልጠና በአዲስ አበባ ውኃ የተሞከረ ነው፤ ያንቺ ደንበኛ ግን የምታጥበው እዚያው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ ነው።

ስለዚህ አረፋን በዓይን ግምት አትለኪው። ከሳሙናሽ 1 ግራም በ1 ሊትር የቤታችሁ ቧንቧ ውኃ አሟሚ። ከዚያ ላይ 50 ሚሊ ሊትር የልክ መስመር ባለው የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ አድርገሽ፣ አፉን ይዘሽ 20 ጊዜ ገልብጪው። ከፍታውን ወዲያው ጻፊ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላም ድገሚ። ቀጥሎ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ጨምረሽ ድጋሚ ሞክሪው። በንጹሕ ውኃ ሁሉም ሳሙና ጀግና ነው፤ እውነቱ የሚታወቀው ቅባት ሲገባበት ነው። እጇን ሳፋ ውስጥ ከትታ የምታጥብ እናት ሳሙናን የምትፈርደው በአረፋ ነው፤ አረፋ ብቻውን እንደማያጸዳ አንቺ ብታውቂም፣ የእሷን ፍርድ ማክበር አለብሽ።

ለመቆየቱ ደግሞ ሦስት ብልቃጥ ይበቃሻል። አንዱን ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱን ጥላ ሥር፣ ሦስተኛውን ቀን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አውለሽ ማታ ቤት አስገቢው። በየቀኑ ክዳኑን ሳትከፍቺ እይው፤ ውኃ ከየት እንደጀመረ በስንት ቀን እንደሆነ ጻፊ። ለዚህ አጎትሽ ብር ማበደር አይጠበቅባቸውም።

ዝርዝሩ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥልጠና ከወሰዱት መካከል ሳሙናው ሲለያይ አብዛኞቹ ሌላ ሰው ጋ ሄደው ሌላ ቀመር ይገዛሉ። አንቺ ግን ሶዳ አሽ በ20 ዲግሪ ስንት እንደሚሟሟ የሚነግረውን ሠንጠረዥ በአንደኛ ዓመት አንብበሻል፤ ባልዲሽ ውስጥ ያለው ነገርና ሠንጠረዡ አንድ መሆናቸውን ያሳየሽ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የብልሃርዝያ መከላከያ ምርምራቸው የተነሣው ከዚያ የልብስ እጣቢ ነው። ያ እጣቢ በስንት ሰው ፊት ሲፈስ ኖሯል። ባለሙያ የሚያደርገው ቆም ብሎ ማየትና «ለምን?» ማለት ነው፤ አንቺም ውኃው ከሥር መሆኑን ስትጽፊልኝ ይህን ጀምረሽዋል።

ማሽኑ ይህን አይሰጥሽም። 200,000 ብር የሚገዛልሽ ማደባለቂያ የተሳሳተውን ቀመር በፍጥነት ያበዛልሻል እንጂ አያርመውም። እዳው ደግሞ የአጎት እዳ ነው፤ ባንክ ወለድ ይቆጥራል፣ የዘመድ ብር ግን በየበዓሉ አብሮሽ ማዕድ ይቀርባል። ሰልፎኒኩም ቴክሳፖኑም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኬሚካል ዋጋ እንዴት እንደተቀያየረ መርካቶ ሄደሽ ስትገዢ አይተሻል። ጥሬ ዕቃ አንዴ ገዝተሽ ሁለተኛውን ዙር በዚያው ዋጋ ማግኘትሽ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት የማይቆይ ምርት ይዘሽ መበደር አደጋ ነው።

ፋብሪካው የሚሰጥሽ ምንድን ነው? ደመወዙ ትንሽ መሆኑን አልክድም፤ ለስድስት ወር ያህል ይከብድሻል። ግን የፒኤች (የአሲድነት ልክ) መለኪያ በየጠዋቱ እንዴት እንደሚስተካከል፣ ከአንድ ጋን ናሙና ከላይ፣ ከመሃልና ከሥር ለምን እንደሚወሰድ፣ ጥሬ ዕቃ ሲገባ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር እውነት መሆኑ እንዴት እንደሚጣራ እዚያ ትማሪያለሽ። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ትኩስ ናሙና ለክቼ «ያልፋል» ብዬ ፈረምኩ። አሲዱ ሙሉ በሙሉ ሳይመክን ሶዳ አሽ ገብቶበት ነበር፤ ሳሙናው ጋዝ አምቆ አብጦ ስለነበር ባልዲዎቹ ሁሉ እስከ አፋቸው ሞልተው ታሸጉ። በማግስቱ ጋዙ ሲወጣ ሁሉም ሁለት ጣት ጎደሉ። ደንበኛ ከፍቶ ሲያየው የተሰረቀ ነው የሚመስለው። አለቃዬ አልጮኹብኝም፤ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ እንድመዝን አደረጉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ፒኤቹን ሳላይ ሶዳ አሽ አስጨምሬ አላውቅም። ይህን ትምህርት በራስሽ ገንዘብ ከመግዛት በደመወዝ መማር ይሻልሻል።

ለቃለ መጠይቁ ማስታወሻ ደብተርሽንና ሦስቱን ብልቃጦች ይዘሽ ሂጂ፤ ቀኑን ጽፈሽ ለጥፊባቸው። «ሳሙና መሥራት እችላለሁ» የሚል አመልካች ብዙ ነው። «ይህኛው በ11ኛው ቀን ተለያየ፣ ምክንያቱ ይህ ነበር፣ ይኸኛው ግን ሁለት ወር ቆሟል» የምትል አመልካች ግን በእኔ ዘመን አላጋጠመችኝም፤ ብታጋጥመኝ ወዲያው እቀጥራት ነበር። የተበላሸውን ብልቃጥ እንዳትደብቂው።

ከገባሽ በኋላ የፋብሪካውን ቀመር ወደ ቤት አታምጪ። የውል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዚህ ሙያ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው፣ ስም ደግሞ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአንድ ቀን ይደርሳል። የሚለካበትን መንገድ ተማሪ፤ ቀመሩ የራሳቸው ይሁን። ማታና እሑድ የራስሽን ሳሙና በራስሽ ደብተር ቀጥዪ። ለአሠሪዎችሽም ከመቀጠርሽ በፊት ይህንን ሥራ እንደምትሠሪ ንገሪያቸው። ከዓመት በኋላ የጥራት ቁጥጥሩ ቢሰለችሽ የኬሚካል አስመጪዎች የሽያጭ ባለሙያ ይፈልጋሉ፤ ዕቃውን የሚያውቅ ሻጭ አያገኙም።

ብሩን መቼ ትቀበያለሽ? ሦስቱም ብልቃጦች ሦስት ወር ሳይለያዩ ሲቆሙ፣ ያንኑ ሳሙና በሦስት የተለያየ ቀን ሠርተሽ አንድ ዓይነት ሲወጣልሽ፣ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ያወጣውን ደረጃ አግኝተሽ አንብበሽ ናሙናሽን ለኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ስታስመረምሪ፣ ከፊራ ገበያ ያለች አንዲት ባለሱቅም ሳትለምኛት ደግማ ስታዝዝሽ። ያኔ አጎትሽ ጋ በኩራት ሂጂ። አሁን ግን አመስግኛቸው፣ «ብሩን አቆዩልኝ» በያቸው፤ ምክንያቱን ከነገርሻቸው ያከብሩሻል እንጂ አይቀየሙሽም።

አንድ ነገር በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አሳስቦኛል። በዚያው ክፍል ውስጥ በረኪናም እየቀላቀልሽ እንደምትሸጪ ጽፈሻል። ሰልፎኒክ አሲድ በረኪና ላይ ቢፈስ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ታናሽ ወንድምሽ ያግዘኛል ብለሻል። ሁለቱን በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ ባልዲና ማማሰያ ለያዪያቸው። ኮስቲኩንም ሁልጊዜ ውኃው ላይ ጨምሪ እንጂ ውኃ ኮስቲክ ላይ አትድፊ፤ መነጽርና ጓንት ሳታደርጊ አትንኪው፣ ልጁም እንዳይነካው። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ እንደጨረስሽ፣ ሌላውን ሁሉ ለነገ አቆዪና መጀመሪያ በረኪናውን ከዚያ ክፍል አውጪው።