የእናቴ እግር ማታ ማታ ያብጣል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ወር ሆናት፤ አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም። ጠዋት ደህና ናት። ማታ ግን ሁለቱም እግሮቿ ያብጡና ጫማ እምቢ ይላታል። ጎረቤት «ኩላሊት ነው» ብሎ አስደነገጠን። መድኃኒቱን ታቁመው?

መልስ፦ እህቴ፣ በራሳችሁ አታቁሙት። ግፊቱ ከፍ ካለ ከእብጠቱ የባሰ ይጎዳቸዋል። እንዳልሽው ከሆነ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሱን አምሎዲፒንን ነው። ትንንሽ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ውሃ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ በ10 ሚሊ ግራም ደግሞ ይብሳል። ሐኪማቸው መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል። በዚህ ሳምንት ውሰጃቸው። እስከዚያ ጨው ይቀንሱ፤ ሲያርፉም እግራቸውን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉ።

የጎረቤታችሁም ስጋት ከንቱ አይደለም። ጠዋት ዐይናቸው ዙሪያ ካበጠ ወይም ሽንታቸው አረፋ ከበዛው ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ደግሞ ልብ መታየት አለበት። የሽንትና የኩላሊት ምርመራ ይሠራላቸው።

አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ባቱ ካመመና ከሞቀ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ሳምንት ሙሉ በቅባት ሲታሽ የከረመ እንዲህ ያለ እግር አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታሹት። ደረት ከወጋቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።